መቶ ዓመት በማን ቆጠራ?

በእኛ አገር ምርቃት ውስጥ ዕድሜ ብቻውን አይሄድም። «ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ!» ነው የሚባለው። ልብ በሉልኝ፤ «ከጤና ጋር» የምትለዋ ለማሳመር የገባች አይደለችም። አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ሰው እያገላበጠው የሚቆጠር ተጨማሪ አሥር ዓመት ማንም ለማንም ተመኝቶ አያውቅም። የፈረንጅ ሊቃውንት ስንት ላቦራቶሪ ከፍተው፣ ስንት አይጥ ጨርሰው፣ በስተመጨረሻ «ዋናው ነገር የዕድሜ ርዝመት ሳይሆን በጤና የሚኖሩት ዘመን ርዝመት ነው» ብለው ብቅ ሲሉ፣ ቡና ተፈልቶ በረካው ላይ እናቶቻችን የሚሉትን ነው የደገሙት። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ አሁን ሁለቱን ለየብቻ ያሰላል። ለ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ኢትዮጵያዊው በአማካይ ከ68 ዓመት በላይ ይኖራል፤ በጤና የሚኖረው ግን ወደ 60 ዓመት ያህሉን ነው። በመሀል ያለችው ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሕመም ናት ማለት ነው።

ይህን ወሬ ያስነሳኝ አንድ ፊልም ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ያወጣው፣ ትርጉሙ «እስከ መቶ ኑሩ፤ የሰማያዊ ቀጣናዎች ምስጢር» የሚል ባለ አራት ክፍል ዘጋቢ ፊልም። ወዲያው ሙሉውን ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ተቆራርጦ፣ የአማርኛ ትረካ ተለጥፎበት፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ግን ያላየው የለም። ዳን ቡትነር የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ካሜራ አስከትሎ ሰው እስከ መቶ ይኖርባቸዋል ወደሚባሉ ቦታዎች ይጓዛል። የጃፓኗ ኦኪናዋ፣ የጣሊያኗ ሰርዲኒያ፣ የግሪኳ ኢካሪያ፣ የኮስታሪካዋ ኒኮያ፣ ከአሜሪካ ደግሞ የካሊፎርኒያዋ ሎማ ሊንዳ። መጨረሻ ላይ ሲንጋፖርን ይመርቃል። «ሰማያዊ» የሚለው ስም የመጣው ሚሼል ፑላን የተባለ ቤልጂጋዊ የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ የሰርዲኒያን ካርታ ዘርግቶ፣ አዛውንት የበዛባቸውን መንደሮች በሰማያዊ ቀለም ስላከበበ ነው። ምንም የሰማይ ምስጢር የለበትም፤ በእጁ ላይ የነበረው እስክሪብቶ ሰማያዊ ሆኖ ነው።

ፊልሙ ያምራል። ይህን መካድ አይቻልም። ጥርስ የሌላቸው አሮጊቶች ሲስቁ፣ እረኛው ሽማግሌ ዳገቱን እንደ ፍየል ሲወጣው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲበላ… ሰው ሆኖ የማይቀና የለም። ኦኪናዋ ላይ «ሞአይ» የሚሉት ነገር አላቸው። ተርጓሚው እየተንቀጠቀጠ «ጥንታዊ የምሥራቅ ጥበብ» ይለዋል። ሞአይ ማለት ምን መሰላችሁ? ሰዎች በቡድን ሆነው በየጊዜው ገንዘብ ያዋጣሉ፣ በየተራ ይወስዳሉ፣ በዚያው ተሰብስበው ይጫወታሉ፣ የቸገረውን ይደግፋሉ። እቁብ ነው ጃል! ለጉራጌ ሰው እቁብን «የምሥራቅ ጥበብ» ብሎ መሸጥ ለወንዝ ውኃ መሸጥ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው። አንድ የወልቂጤ ወዳጄ ፊልሙን አይቶ በጣቱ እየቆጠረ ጠየቀኝ። «እቁቡ አለን። እድሩ አለን። ዳገቱ አለን። ጎመንና ቆጮው አለን። ጾሙ አለን፤ ረመዳኑም ሁዳዴውም። ሽማግሌ ማክበሩ አለን፤ የጆካ ሸንጎ ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚፈርደው ማን ሆነና ነው? ታዲያ ሰማያዊ ቀጣና ለመባል ምን ጎደለን?» መልሴ አጭር ነበር። የልደት ካርድ።

ቀልድ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. «ኢግ ኖቤል» የተባለው፣ መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠው ሽልማት በሥነ ሕዝብ ዘርፍ የደረሰው ሳውል ኒውማን ለሚባል ተመራማሪ ነው። ሰውየው የሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ ከመቶ በላይ ኖሩ የተባሉት ሰዎች የት እንዳሉ ሄዶ መዝገቡን ጠየቀ። ያገኘው ውጤት የሚገርም ነው። በዕድሜያቸው ርዝመት የታወቁት ቦታዎች ብዙውን ጊዜ የምዝገባ ሥራቸው የተበላሸባቸው ሆነው ተገኙ። በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የልደት የምስክር ወረቀት ሲጀመር፣ 110 ዓመት ሞላቸው የሚባሉት ሰዎች መዝገብ ከ69 እስከ 82 በመቶ ቀነሰ። ሰዎቹ በወረቀት ምክንያት አልሞቱም፤ መጀመሪያውኑ 110 አልነበሩም እንጂ።

ጃፓንንስ ያየ! በ2010 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ የ111 ዓመት አዛውንትን እንኳን አደረሰዎ ሊሉ የሄዱ ሹማምንት ቤቱ ውስጥ ያገኙት የደረቀ አስከሬን ነው። ሰውየው የሞቱት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ቤተሰቡ በስማቸው ገንዘብ ሲቀበል ኖሯል። መንግሥት ደንግጦ በአገሩ ሁሉ ሲያጣራ፣ መዝገብ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው በሕይወት ያሉ የሚመስሉ ከ230 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የት እንዳሉ ሊታወቅ አልቻለም። ጃፓን እኮ ናት! ባቡሩ በሰከንድ የሚቆጠርባት አገር።

እነ ፑላን ዝም አላሉም፤ የቤተ ክርስቲያንና የመዘጋጃ ቤት መዛግብትን አመሳክረን፣ ሰው በሰው አጣርተን ነው የመረጥነው ብለው ተከራክረዋል። ሰርዲኒያ ላይ ክርክራቸው ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። የእኔ ጠብ ከእነሱ ጋር አይደለም። የእኔ ጠብ ከፊልሙ ጋር ነው። ፊልሙ አራት ክፍል ሙሉ ድንቹን፣ ባቄላውን፣ ወይኑን፣ ዳገቱን ሲያሳየን፣ «ይህ ሰው መቶ ዓመቱ መሆኑን በምን አወቅን?» የሚለውን ጥያቄ ለተመልካች ከባድ ነው ብሎ ይመስላል በሩጫ ያልፈዋል። ያልተቆጠረ ነገር ምክንያቱ አይመረመርም። ጥጋቡን ሳይለኩ የምግቡን ምስጢር መግለጥ ማለት ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በ2013 እ.ኤ.አ. አቶ ዳቃቦ ኤባ የተባሉ የኦሮሚያ አዛውንት በቴሌቪዥን ቀርበው ዕድሜያቸው 160 መሆኑን ተናገሩ፤ ወሬው ዓለምን ዞረ። የመጀመሪያውን የጣሊያን ወረራ ትዳር ይዘው፣ ልጅ ወልደው እንደሚያስታውሱት ነበር የገለጹት። በሰነድ የተረጋገጠው የዓለም ረጅም ዕድሜ በ1997 እ.ኤ.አ. ያረፉት ፈረንሳያዊት የዣን ካልማ ሲሆን፣ እሱም 122 ዓመት ነው። የእኛ ሰው በ38 ዓመት ይበልጧቸዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ማቱሳላ ብቻ ነው። የልደት ወረቀት ግን አልነበረም። አባታችን ዋሹ አልልም። ታሪክን ከአባትና ከአያት እየሰሙ፣ እያወሩት፣ የራስ ትዝታ እስኪሆን ድረስ መኖር የእኛ አገር ጸባይ ነው።

ስንት ዓመትዎ ነው ተብሎ ሲጠየቅ እንዴት እንደምንመልስ ታውቁታላችሁ። «ጣሊያን ሲገባ ከብት እጠብቅ ነበር።» በ1928 ዓ.ም. ሰባት ዓመት የሆነው እረኛ በ2018 ዓ.ም. 97 ዓመቱ ነው። ከብት ሲጠብቅ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ከሆነና እሱ በእናቱ ጀርባ ላይ ከነበረ ደግሞ 91። ሊሆን ይችላል ወሬውን ብቻ ነው የሰማው፤ ያን ጊዜ 85። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ይጠፋል። የሕዝብ ቆጠራ ሠንጠረዥን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ 40፣ 50፣ 60 ላይ ሕዝቡ ይከመራል፣ 41፣ 51፣ 61 ላይ ይሳሳል። በአምስትና በአሥር መቁረጥ ይቀለናል። ደግሞ እንደ ጉዳዩ ነው፤ ለስፖርት ሲሆን ዕድሜ ይቀንሳል፣ ለሽምግልና ሲሆን ይጨምራል፣ ለጡረታ ሲሆን ፋይሉ ላይ ያለው እያጣላ ይኖራል።

ሕጉ አልነበረም እንዳይባል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደትና ሞት ምዝገባ አንቀጽ በአንቀጽ ደንግጎ ነበር። ሲያበቃ ግን የራሱ መጨረሻ ላይ ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ምዝገባው እንዲቆይ አለ። ትእዛዙ ሳይወጣ ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግም ሄደ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራችንም ቢሆን ሦስት ብቻ ነው፤ 1976፣ 1987 እና 1999 ዓ.ም.።

አሁን ጨዋታው ወደ ቡታጅራ ይወርዳል። ምክንያቱም አገሩ ሁሉ ሳይቆጥር ሲኖር ቡታጅራ ስትቆጥር ነበር።

ከአዲስ አበባ 135 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው፣ ዛሬ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ሥር ያለችው ይህች ከተማ በክትፎዋና በመንገደኛዋ ብዛት ነው የምትታወቀው። የጤና ተመራማሪ ግን ስሟን ሌላ ቦታ ነው የሚያውቀው። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም የሚባለውን ሥራ ጀመረ። ዶክተር ደስታ ሻመቦን የመሰሉ ሰዎች የደከሙበት ሥራ ነው። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ በዕጣ ተመረጡ፤ ወደ 28 ሺህ የሚሆን ሰው ቤት ለቤት ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ መዝጋቢዎቹ፣ አብዛኞቹ የዚያው መንደር ልጆች፣ መጀመሪያ በየወሩ፣ ኋላ በየሦስት ወሩ በር እያንኳኩ መጠየቅ ያዙ። ማን ተወለደ? ማን ሞተ? ማን አገባ? ማን መርካቶ ሄደ? ማን ተመለሰ? ሰው ሲሞት ደግሞ ሐኪም ያላየው ስለሆነ ቤተሰቡን ቁጭ አድርገው፣ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ያስለው ነበር ወይ እያሉ የሞቱን ምክንያት ከቃል ይለቅማሉ። መንግሥት ተለውጧል፣ ክልል ተቀያይሯል፣ ዞኑ እንኳ ስሙ ሌላ ሆኗል፤ በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት የሕዝብ ክትትል ጣቢያዎች አንዱ የሆነው ይህ መዝገብ ግን ለአሥርት ዓመታት ተጽፏል።

እስቲ ንገሩኝ፤ ስለ ዕድሜ የሚያወራ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው የት ነው? ኦኪናዋ ወይስ እዚህ?

እንዲህ ያለ መዝገብ መጀመሪያ የሚያፈርሰው «አማካይ ዕድሜ» በሚለው ቃል ላይ ያለንን ግራ መጋባት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከ50 በታች ነበር ሲባል፣ ብዙ ሰው «ያኔ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ይሞት ነበር» ብሎ ይረዳዋል። አይደለም። ያኔም ሰማንያ የሞላው ሽማግሌ ነበር። አማካዩን ወደ ታች የጎተተው አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በሳንባ ምች፣ በተቅማጥ፣ በወባና በኩፍኝ የሚቀበረው ሕፃን ነው። አንድ ሰው 80 ኖሮ ሌላው በዓመቱ ቢሞት አማካዩ አርባ ገደማ ይሆናል፤ አርባ ላይ የሞተ ግን የለም። አማካዩ ዛሬ 65ን ያለፈው ሽማግሌው ምስጢር ስላገኘ አይደለም፤ ሕፃኑ ክትባት ስላገኘ፣ እናቱ ጤና ኬላ ስለቀረባት ነው። ይህ ለፊልም አይመችም። መርፌ የተወጋ ሕፃን ያለቅሳል እንጂ የሕይወት ፍልስፍና አይናገርም።

ሁለተኛው ነገር ግን የባሰ ነው፤ እኔ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

ከ1998 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በቡታጅራና በዙሪያዋ በመስቃንና ማረቆ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠየቁ፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ለመለየት። ከተገኙት መካከል ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ሕመም ያለባቸው አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ሕክምና የሚባል ነገር አግኝተው አያውቁም ነበር። በቡታጅራ ሆስፒታል በነርሶች የሚመራ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተከፈተ፤ 919 ሰዎችም ለአሥር ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ዶክተር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል። በአሥር ዓመት ውስጥ 121 ሞቱ። አሟሟታቸው ከአካባቢው ሕዝብ ሁለት እጥፍ ነው። የሞቱትም መኖር ይገባቸው ከነበረው ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው።

ሠላሳ ዓመት!

የገደላቸው ምን መሰላችሁ? ግማሽ የሚሆኑትን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። እኔና እናንተ ክሊኒክ ሄደን ኪኒን ውጠን የምንመለስበት ዓይነት ነገር። ሌሎቹ ራሳቸውን አጥፍተው፣ አደጋ ደርሶባቸው፣ ሰው ገድሏቸው ነው። «አበደ» የተባለ ሰው ሲያስለው ማን ሰምቶት? ሲያተኩሰው ማን ዳስሶት? «ጸበል ይወሰድ፣ ዱዓ ይደረግለት» ይባላል፤ ለነፍሱ ታስቧል፤ ለሳንባው ግን ያሰበ የለም። በዚያው በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ የተሠራና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ቤተሰብ ልጁን በሰንሰለት የሚያስረው ጨክኖ ሳይሆን ሌላ መላ አጥቶ፣ ሕክምናውም ርቆት መሆኑን ያሳያል። በየሰፈሩ እናውቃቸዋለን። በስማቸው ሳይሆን በቅጽል ስም ነው የምንጠራቸው። አንድ ቀን ሲጠፉ «እንትና የት ሄደ?» ብለን ሳንጠይቅ እንቀራለን።

አሁን ይህን ሠላሳ ዓመት ይዘን ወደ ዕድሜ ገበያው እንሂድ። በ2008 እ.ኤ.አ. ግላክሶ ስሚዝክላይን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ከቀይ ወይን ጠጅ የሚገኝ ንጥረ ነገርን ይዞ እርጅናን ይገታል የተባለለትን ሰርትሪስ የሚባል ድርጅት በ720 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2013 ቢሮውን ዘጋው። ራፓማይሲን የሚባል መድኃኒት በ2009 በታተመ ጥናት ለሸመገሉ አይጦች ተሰጥቶ የሴቶቹን ዕድሜ በ14 በመቶ፣ የወንዶቹን በ9 በመቶ አራዘመ፤ ይህ እውነተኛና ትልቅ ሳይንስ ነው፣ አላቃልለውም። ብራያን ጆንሰን የሚባል ባለጸጋ ደግሞ እንዳያረጅ በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል በራሱ ላይ ያወጣል። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ይሁንለት። ነገር ግን ሒሳቡን አስቡት። የዓለም ሀብታም ሁሉ ተረባርቦ ለጤነኛ ሰው አምስት ዓመት መጨመር ቢችል በወርቅ ቀለም ይጻፋል። ቡታጅራ ላይ ሠላሳ ዓመት መሬት ላይ ወድቋል፤ ለማንሳት አዲስ ግኝት አያስፈልግም፤ ያለውን ነርስና ያለውን ኪኒን በየወሩ ማድረስ ነው።

የእኛም ገበያ አለ እኮ፤ አትርሱት። ወልቂጤ በገበያ ቀን መኪና ጣሪያ ላይ በተሰቀለ ድምጽ ማጉያ «ለወገብ! ለጉልበት! ለስኳር! ለደም ብዛት! ለሁሉም አንድ ጠርሙስ!» እየተባለ ሲሸጥ ቆሜ ሰምቻለሁ። የአሜሪካው ዕድሜ ማርዘሚያ እና የእኛው ጠርሙስ የሚለያዩት በዋጋና በሳይንስ ቋንቋ ነው። የሚገርመው፣ ከፊቱ ተሰልፈው የሚገዙት እናቶች የደም ግፊታቸውን ተለክተው አያውቁም።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ፊልሙን ያየ ሁሉ «ጾም ዕድሜ ያረዝማል፣ ፈረንጅም አመነ» እያለ ነው። ምግብ ሲቀነስባቸው አይጦች ረጅም ዕድሜ መኖራቸውን ክላይቭ ማኬይ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሳየው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ልብ በሉ ግን፤ አይጦቹ የተቀነሰባቸው ኃይል ሰጪው ነው እንጂ ቫይታሚኑም ማዕድኑም ተሟልቶላቸው ነበር። ኦርቶዶክሱ በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል፣ ሙስሊሙ ረመዳንን ይጾማል፤ ሁለቱም ለዕድሜ ብለው አልጾሙም፣ ለፈጣሪያቸው ነው። ደግሞ መጾምና መራብ ይለያያል። የሚጾም ሰው የሚፈታበት ሰዓት አለው። በ1977 ዓ.ም. የሰሜኑ ሰው አልጾመም፤ ተራበ። ጉራጌን በክፉ ዘመን ያቆየው ቆጮ ነው፤ ውለታው አይረሳም። ሆኖም ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው እንጂ ገንቢ ንጥረ ነገሩ ትንሽ ነው። ክትፎና አይብ ሲያጅቡት ነው ሙሉ ምግብ የሚሆነው፤ ክትፎ ደግሞ ለብዙው ቤት የመስቀልና የአረፋ እንግዳ ነው።

ፊልሙ ላይ በጣም ያናደደኝ ቦታም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። አሮጊት ሴት ጎንበስ ብላ አትክልቷን ስትኮተኩት ያሳይና «የተፈጥሮ እንቅስቃሴ» ብሎ ያሞግሰዋል። ጂም አያስፈልጋትም ይላል። ይህ ተራኪ አንድ ቀን ቸሃ ወይም እዣ ገብቶ እንሰት ሲፋቅ ቢያይ ምን ይል ይሆን? ሴትየዋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አንስታ የእንሰቱን ቅርፊት ጣውላው ላይ ደግፋ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ቀኑን ሙሉ ወደ ታች ትሞሽልቃለች። ከዚያ ትጨምቃለች፣ ጉድጓድ ትቀብራለች፣ ታገላብጣለች። ወንድ እጁን አያስገባም፤ ባህሉ አይደለም። ያች ሴት ስልሳ ዓመት ሲሆናት ወገቧን ጠይቋት። የተፈጥሮ እንቅስቃሴ! እንቅስቃሴ ጥሩ መሆኑን ማን ይክዳል? በፈቃድ ዳገት የሚወጣና ሌላ ምርጫ አጥቶ የሚጎብጥ ግን አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም፤ ፊልሙ ይህን ልዩነት አያውቀውም።

ሽማግሌ ከቤተሰብ ጋር መኖሩን ሲያወድስም እንደዚያው ነው። የእኛ ሽማግሌ ልጆቹ መርካቶ ናቸው። በዓመት አንዴ ለመስቀል ወይ ለአረፋ ሲመጡ ጊቢው ይሞቃል፤ ከዚያ ውጭ ልጁ በስልክ የሚልከው ብር ነው። ጡረታ ለመንግሥት ሠራተኛና ከ2003 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ለግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው። ገበሬው፣ ባለ ሱቁ፣ በሊስትሮ ጀምሮ ሕንፃ ሳያቆም የሸመገለው ሰው ጡረታው ልጁ ነው። ልጁ ሥራ ካጣ አብሮ ጡረታ ወጣ ማለት ነው።

ያን ሁሉ ካልኩ በኋላ ዕድሜ ከጤና ጋር የት ይሰጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አንዱ ቦታ እዚያው ቡታጅራ ግራርቤት የዓይን ሆስፒታል ነው እላችኋለሁ። ትራኮማና የሞራ ግርዶሽ የጉራጌን ሽማግሌ ከነጤናው ቤት የሚያስቀምጡ ሁለት ሌቦች ናቸው። እግሩ ይሄዳል፣ ልቡ ይመታል፣ ጨዋታው አለ፤ ዓይኑ ግን የለም። ስለዚህ ዱላ ይዞለት የሚመራው አንድ የልጅ ልጅ ይመደብለታል፤ ብዙ ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት የሆነው። የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ዓይኑ አካባቢ ብቻ ተደንዝዞ የሚሠራ አጭር ሥራ ነው። በማግስቱ ፋሻው ይፈታል፤ ዱላውን ይዞ የመጣው ልጅ ትምህርት ቤት ይመለሳል።